የቄሰ ገበዙ ሦስት ውሾች

ይህን ገጠመኝ ከመጀመሬ በፊት ከምን ተነሥቼ እንደምጽፍ ማስታወቅ ይገባኛል። በእጄ ያሉት ሁለት ጽሑፎች ናቸው። አንደኛው በዚያን ዘመን በኪሴ ይዤው እዞር የነበረው የቀን ማስታወሻ ነው። ከዐቢይ ጾም አጋማሽ እስከ ፋሲካ ያሉት ገጾቹ አልጠፉም፤ ነገር ግን አራቱን ውሃ ስለ ነካቸው ግማሽ ጎናቸው አይነበብም። ሁለተኛው ራሴ የጻፍሁት የውሾች ክትባት መዝገብ ቅጂ ነው። እርሱ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ይሁንና አንባቢ ወደ ፊት እንደሚረዳው፣ ከሁለቱ አብልጦ የሚያሳስተው እርሱ ነው። ከእነዚህ ሌላ የቄሰ ገበዙ ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ ከብዙ ዘመን በኋላ ያጫወቱኝ ነገር አለ። ንግግሮቹን በጥቅስ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ ቃል በቃል እንዲህ ተባለ ብዬ ግን አልምልም። ሰዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር በእንዲህ ያለ አኳኋን ይናገሩ እንደ ነበር ብቻ እመሰክራለሁ። የደብሩን ስም ትቼዋለሁ፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ነበር። ወላጆቼ በተወለድሁበት ዓመት ላይ ሳይስማሙ ስለ ኖሩ እኔም ሳልወስን አረጀሁ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ደብር አጠገብ ቅኔ ተምሬአለሁ፤ መምህሬ የኔታ ላእከ ይባሉ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያም የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ነጭ ካፖርትና አንድ የቆዳ ቦርሳ ይዤ ወደ ከተማዬ ተመለስሁ። ስለዚያ ወጣት ዛሬ ሳስብ የሚያሳፍረኝ አንድ ነገር ነው። በእጁ የጻፈው ሁሉ እውነት ይመስለው ነበር።

በዚያ ዓመት ያበዱ ውሾች በአራዳ አካባቢ ሰው ስለ ነከሱ፣ የከተማው ውሻ ሁሉ እንዲከተብ ታዘዘ። የተከተበ ውሻ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ ያለው ቀይ የቆዳ ማሰሪያ ይደረግለታል፤ ከቀነ ገደቡ በኋላ ያለ ማሰሪያ የተገኘ ውሻ በዘበኞች ይገደላል ተብሎ ተለፈፈ። በየደብሩ እየዞርሁ እንድወጋ የተመደብሁት እኔ ነበርሁ።

ቀኑን የቆረጡት አለቃዬ ናቸው፤ በዐቢይ ጾም አጋማሽ አደረጉት። በትእዛዙ ላይ «ባለቤቶች ውሾቻቸውን በአጥንት እያባበሉ ያቅርቡ» የሚል አለበት። በጎንደር ከተማ በዐቢይ ጾም አጥንት ከየት ይመጣል? ሥጋ ቤቶቹ ከተዘጉ ሳምንታት አልፈዋል። ውሾቹም ሳይወዱ ጾመኛ ሆነው፣ በሽንብራ ቂጣ ሲጠሯቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህን ለአለቃዬ ባመለክት «መመሪያው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው» ብለው መለሱልኝ።

በዚያ ላይ ውሻ የሚይዝልኝ ጠፋ። ውሻ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ ጠረጴዛዬን ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ አኑሬአለሁ። ሰው ክብ ሠርቶ ይመለከታል፤ ያዙልኝ ስል ግን ክቡ ይሰፋል።

«አያ፣ አንተ ያዘው እንጂ፤ ዘመድህ ነው» ይላል አንዱ ሌላውን።

«እኔ ነገ ቆራቢ ነኝ። አንተ ከቆረብህ ስንት ዘመንህ? ውሻ ብትነካ ምን ይቀርብሃል?»

ሰዉ ይሥቃል፤ መድኃኒቱን ባኖርሁበት ቴርሞስ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል። በረዶውን ያገኘሁት አንድ ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ማቀዝቀዣ ካለው ቡና ቤት ለምኜ ነበር፤ ከቀለጠ መድኃኒቱ አይረባም። አንዲት ሴት ድመት በጆንያ አምጥታ፣ የደብሩን ዕቃ ቤት ብራናዎች ከአይጥ የምትጠብቅ ስለሆነች ውሻ በተወጋበት መርፌ እንዳትወጋብኝ ስትል ከምሳ በፊት ያለውን ጊዜ ተከራከረችኝ። መርፌውን እንደምቀይር ነግሬአታለሁ፤ ቀይሬአለሁም። በቀኝ እጄ አንጓ ላይ ዛሬም አንድ ጠባሳ አለ፤ የዚያች ድመት ነው እላለሁ፣ ነገር ግን ሌላ ድመት ሊሆን ይችላል።

በዚህ መካከል ቄሰ ገበዝ ተድላ መጡ። የደብሩን ንብረትና አገልግሎት የሚያስተዳድሩ፣ በሰው ዘንድ የተከበሩ ካህን ናቸው። ደረቱ ነጭ የሆነ ጥቁር ውሻ በገመድ እየሳቡ ነበር። ውሻው ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ወጋሁት፤ አላጉረመረመም። አርባ አንድ ቁጥር ያለውን ማሰሪያ ሰጠኋቸው። «አንገቱ ላይ ልሰርለት?» ብዬ ብጠይቅ «ቤት እናስርለታለን» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደረቱ ነጭ የሆነ ጥቁር ውሻ ይዘው ተመለሱ።

«ይህም እንደ ወንድሙ ሸጋ ነው» አልሁ።

«አንድ እናት ናቸው» አሉ ቄሰ ገበዝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ውሻው እኔ ሳልነካው በራሱ ጎኑን ሰጥቶ ተኛ። ይህ መተኛቱ ትዝ ይለኛል ብዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። እውነት ያን ጊዜ አይቼው ነው ወይስ ነገሩ ከታወቀ በኋላ የጨመርሁት ነው? ልለይ አልቻልሁም። መዝገቡ ላይ ግን በራሴ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፤ «፵፩፤ ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ጸጥተኛ። ፵፪፤ እንደ ላይኛው። ፵፫፤ እንደ ላይኛው።» በዚያ ቀን በቀላሉ የተወጉልኝ እነዚያ ስለ ነበሩ ቄሰ ገበዝን ለተሰበሰበው ሰው ምሳሌ አድርጌ አመሰገንኋቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ምስጋናውን ተቀበሉ።

ሁለት ሳምንት አልፎ በማክሰኞ ጧት የኔታ ላእከ ከኪዳን ሲመለሱ፣ ከቄሰ ገበዙ አጥር የወጣ ጥቁር ውሻ ባታቸውን ነከሳቸው። ያየች ጎረቤት ውሻው ሳይጮኽ እንደ መጣ፣ ነክሶም ሳይጮኽ ወደ ታች ወደ መኪናው መንገድ እንደ ሮጠ፣ በአንገቱም ቀይ ማሰሪያ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ቁጥሩን አላየችም።

ስሄድ የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። ቁስሉን በሳሙና አብዝቼ አጠብሁ።

«ተክሌ፣ ከአንተ በፊት ጠበል አፍስሼበታለሁ» አሉ። «ያንተ ሳሙና ከጠበሉ ጋር አይጣላም?»

«አይጣላም፣ የኔታ።»

«እንግዲያ እጠብ።»

ወደ መሥሪያ ቤት ሮጬ መዝገቡን ገለጥሁ። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፤ ሦስቱም ተከትበዋል። የሆስፒታሉ ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበር፤ «ውሻው መከተቡን ታረጋግጣለህ?» ቢለኝ «አረጋግጣለሁ» ብዬ በወረቀት ላይ ፈረምሁ። ተመልሼም ለየኔታ «ውሻው ተከትቧል፤ እኔ ራሴ ነኝ የወጋሁት፤ አያስቡ» አልኋቸው።

«ያንተ እጅ ከሆነ ይበቃኛል» አሉና ስለ ሌላ ነገር አወሩኝ። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከተነሣ መድኃኒት እንደሌለው፣ የተነከሰው ሰው ውሃ እየፈራ እንደሚሞት በሚገባ የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን በሰላም ተኛሁ።

በማግሥቱ ረቡዕ ረፋድ ላይ ወደ ቄሰ ገበዝ ቤት የሄድሁት ለወጉ ያህል ነበር። ሰው የነከሰ ውሻ ቢከተብም ባይከተብም ዐሥር ቀን ታስሮ መጠበቅ አለበት። በሩን አልፌ ገና እግሬን ሳስገባ አንድ ደረቱ ነጭ የሆነ ጥቁር ውሻ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ መጣብኝ። የቄሰ ገበዝ ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ ከጓሮ ብቅ ብለው ቀዩን ማሰሪያ ባይዙት ኖሮ ይህን የሚጽፍ ላይኖር ይችል ነበር። ሌላው ጥቁር ውሻ ከቤቱ በረንዳ፣ ከመረባው ጥላ ሥር ተጋድሞ ጅራቱን ብቻ አወዛወዘልኝ።

«ይህ የያዙት ማን ይባላል?» አልሁ ትንፋሼ ሲመለስ።

«ቆራጡ ነው። ያ የተኛው መቻል ነው። ዳኘው የኔታን ከነከሰ ወዲህ አልተመለሰም።»

«ቆራጡን ያን ቀን ቄሰ ገበዝ እንዴት አድርገው አመጡት?»

ወይዘሮ ትርንጎ ሣቁ። «እሳቸው? ቆራጡን? ምነው ጌታዬ፣ እሳቸው እኮ ወደ ገዛ ቤታቸው ሲገቡ እንኳ እኔን ከአጥር ውጭ ሆነው ጠርተው ነው። ከእኔ በቀር እሱንም ዳኘውንም የሚነካ የለም።»

«ታዲያ ያን ቀን እርስዎ አልነበሩም?»

«መካነ ብርሃን ለልቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሦስቱን ማሰሪያ ሰጡኝ፤ አሰርሁላቸው።»

ቄሰ ገበዝ መረባው ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ይመለከቱ ነበር። መጽሐፉን አልዘጉም።

«አባቴ፣ ያን ቀን ሦስት ውሻ ይዘው መጥተዋል» አልሁ።

«ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ።»

«ሦስት ውሻ ይዘው።»

«ሦስት ጊዜ፣ ልጄ። መንገዱም ዳገት ነው።»

«መቻልን ነው ሦስት ጊዜ ያስወጉት?»

«እርሱ ገር ነው። ሁለቱን ማን ያወጣቸዋል?»

ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥሁ፤ ወይም ከእጄ ወደቀ። «አባቴ፣ ሦስት መርፌ አንድ ውሻ ላይ! ሁለቱ እኮ አልተከተቡም።»

አሁን መጽሐፉን ዘጉና፣ ቅኔ ለረሳ ተማሪ በሚታዘንበት ድምፅ ያስረዱኝ ጀመር። «አንተ ከዚህ ደብር የወጣህ ልጅ ነህ፤ ይህ አይጠፋህም። የንስሐ ልጄ መቶ ስግደት ቢታዘዝና ጉልበቱ ቢደክም፣ ኀምሳውን እኔ እሰግድለት የለም?»

«ይሰግዱለታል።»

«አይቆጠርለትም?»

«ይቆጠርለታል፤ ነገር ግን...»

«እንግዲያ መቻልም ለወንድሞቹ ተወጋላቸው። ደግሞ ደማቸው አንድ ነው፤ አንድ እናት በአንድ ቀን የወለደቻቸው ናቸው። ከንስሐ አባትና ከንስሐ ልጅ እነርሱ ይቀራረባሉ።»

«አባቴ፣ መድኃኒት እንደ ስግደት አይደለም።»

«ምነው? ስግደት ከመድኃኒት ያንሳል?»

አንባብያን ሆይ፣ የተማርሁት ትምህርት ሁሉ ለዚያች ጥያቄ የሚሆን አንድ ዐረፍተ ነገር አላዘጋጀልኝም። ያንሳል ብል የክርክሩ መስመር ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ፤ አያንስም ብል ተረታሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ ግን ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለእኔ ሦስቱም ተወጉ አሉኝ።»

«ማሰሪያቸው መጣ አልሁሽ።»

«ምን ለየው?»

ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን አጠገባቸው አኖሩ። ቀጥሎ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም። «ማሰሪያ ባይኖራቸው ዘበኞቹ ይገድሏቸው ነበር። ከልቅሶ ስትመለሺ ሁለቱን በራፍሽ ላይ ሞተው ልታገኚያቸው ነው? ከእኔ ይልቅ የምትወጃቸውን?»

ይህን ጊዜ ተናድጄ ስለ ነበር ድምፄን ከፍ አድርጌአለሁ፤ በዕድሜ አባቴ ለሆኑ ካህን እንዲህ መናገሬን አልክድም። «በዳኘው ደም ውስጥ በሽታው ካለ የኔታ ይሞታሉ፤ በክፉ አሟሟት ይሞታሉ። እኔም ተከትቧል ብዬ ፈርሜ ሕክምናውን አስቀርቻለሁ» አልሁ።

ቄሰ ገበዝ ከተቀመጡበት ተነሡ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። የኔታን ከልጅነት ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ አብረው ተምረዋል፣ አብረው አርጅተዋል። ጥቂት ቆመው ወደ መቻል፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱና ጥያቄ ጠየቁኝ። ለመንቀፍ አልነበረም፤ ከልባቸው ቸግሯቸው ነው።

«አንተ ግን፣ ልጄ፣ አንዱን ውሻ ሦስት ጊዜ ስትወጋው አላወቅኸውም?»

ከዚያ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ አለቃዬ ሄድሁ። ነገሩን በጸጥታ አዳመጡኝ። «መዝገቡ ለአዲስ አበባ ተልኳል» አሉ።

«የእርማት ደብዳቤ ይላክ።»

«ሦስቱ ቁጥር ከታረመ ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።»

«ሊጠረጠር ይገባዋል።»

«ይገባዋል አይገባውም የሚለው ያንተ ሥራ አይደለም። ለሽማግሌው ለጥንቃቄ ያህል መርፌውን ይውሰዱ በላቸው። ሰውየውም ይድናል፣ መዝገቡም ይድናል። ስለ ውሻው ማን ጠየቀህ?»

ልናገር የምቸገረው ይህንን ነው፤ ምክሩ መልካም መስሎ ታየኝ። ሁለቱንም ያድን ነበርና። ወደ ሆስፒታሉ ሄጄ ሐኪሙን ስለ መድኃኒቱ ብጠይቀው፣ መድኃኒቱ በጎንደር እንደሌለ፣ በነገው አይሮፕላን እንዲመጣ ከተፈለገ ዛሬ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ቴሌግራም መመታት እንዳለበት ነገረኝ። ባለፈው ዓመት ለአንድ ታካሚ አስመጥቶለት ሰውየው ቀርቶ መድኃኒቱ ተበላሽቷል። ስለዚህ ሽማግሌው ራሳቸው ካልተስማሙ አላስመጣም አለ። የፈረምሁባትን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አየኋት። አንሥቼ ልቀድዳት አሰብሁና ተውኋት።

ከየኔታ ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ብቻቸውን ነበሩ።

«የኔታ፣ ለጥንቃቄ ያህል መርፌውን ቢወስዱ ሸጋ ይመስለኛል» አልሁ።

«ትናንት ውሻው ተከትቧል አልኸኝ።»

«ብዬአለሁ። ነገር ግን ጥንቃቄ...»

«መርፌው ስንት ነው?»

«ዐሥራ አራት። በየቀኑ አንድ፣ በሆድ ላይ።»

«ደም ያወጣል?»

«ጥቂት ሊያወጣ ይችላል።»

ጣቶቻቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ሆሣዕና ከውጭ። ሰሙነ ሕማማት ከውጭ። ትንሣኤም ከውጭ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ታውቃለህ። ማኅሌት ከቆምሁ ጀምሮ አንድም ሰሙነ ሕማማት ቀርቼ አላውቅም፤ በጣሊያን ጊዜ እንኳ አልቀረሁም። መድኃኒቱስ ከምን ይሠራል?»

ይህን ባይጠይቁኝ እወድ ነበር። «ከበግ አንጎል።»

«በዐቢይ ጾም» አሉ።

«በአፍ አይገባም፣ የኔታ።»

«በአፍ እንደማይገባ አውቃለሁ። የምከፍለውን ልወቅ ብዬ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይህ ሁሉ ለጥንቃቄ ከሆነ አልፈልገውም። የትናንቱ ቃልህ ይበቃኛል። ከትናንት እስከ ዛሬ የተለወጠ ነገር ካለ ግን ንገረኝ።»

በዚያች ቤት ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልሁ አላውቅም። በማስታወሻዬ ላይ ይህ ቀን ውሃ ከነካው ገጽ ላይ ነው። የማስታውሰው ሰዓቴን አለማየቴን ነው፤ ባየው ኖሮ ለዐሥራ አንድ ሰዓት ስንት እንደ ቀረው አይቼ እርሱን ምክንያት አደርግ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። መቻልን፣ ሦስቱን ማሰሪያ፣ በመዝገቡ ላይ «እንደ ላይኛው» ብዬ መጻፌን፣ ለሐኪሙ መፈረሜን፣ አለቃዬ የመከሩኝንና እኔም ምክሩን ተቀብዬ መምጣቴን፣ ቴሌግራሙም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት መመታት እንዳለበት።

«ሦስት ጊዜ?» አሉ የኔታ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ተድላ ስለ ስግደቱ አስረዳህ?»

«አስረዱኝ።»

«ምን መለስህለት?»

«ምንም።»

ሣቁ፤ ሣቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያበቃ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ፊታቸው ላይ ሣቅ አልነበረም። «ተድላ ውሻውን ያውቀዋል፤ መርፌውን ነው የማያውቀው። አንተ መርፌውን ታውቃለህ፤ ውሻውን አላየኸውም። እኔ ደግሞ ሁለታችሁን አምኜ ተኛሁ። በል ንገረኝ፣ በመዝገብህ ያሉት ሌሎቹ ውሾችስ ተከትበዋል?»

«አላውቅም፣ የኔታ።»

«ይህን ትናንት ብትለኝ ኖሮ ትናንት ቴሌግራሙ ይመታ ነበር። ተነሥ፤ እወስዳለሁ በላቸው። ቴሌግራፍ ቤቱ ሳይዘጋ ድረስ።»

ደረስሁ። ሐኪሙ ፊት ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ። የቴሌግራፉ ጸሓፊ በሩን ለመዝጋት ቁልፉን ይዞ ነበር።

መድኃኒቱ ኀሙስ መጣ። ቄሰ ገበዝ የኔታን በየቀኑ በበቅሎ ወደ ሆስፒታል አመላለሷቸው። በመጀመሪያው ቀን ከሐኪሙ ፊት ቆመው፣ ከዐሥራ አራቱ ሰባቱን በእርሳቸው ሆድ ላይ እንዲወጋና ለየኔታ እንዲቆጠርላቸው ጠየቁ። ሐኪሙ አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሎት ሦስት ጊዜ አስደገመው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ የኔታ ግን «ተድላ፣ ተቀመጥ» ብቻ አሉ።

ሰሙነ ሕማማትን የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር በመቋሚያቸው ተደግፈው ሰነበቱ። ውስጥ ያሉት ዜማ ሲስቱ ከውጭ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያርሙ ነበር ይባላል። በዓርብ ስግደት ላይ እኔም ነበርሁ፤ ድምፃቸውን ሰምቼአለሁ፣ እርማቱን ግን አልሰማሁም። ሆዳቸው አብጦ ቀበቶ መታጠቅ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ በጤና ብዙ ዓመት ኖሩ።

እኔ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እርማቱን ያለ ፈቃድ ስለ ላክሁ። ከፋሲካ በኋላ በየቤቱ እየዞርሁ ማሰሪያና ውሻ ሳመሳክር፣ አንዱን ማሰሪያ በጥጃ አንገት፣ አንዱን በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ አንዱንም ከሞተ ለቆየ ውሻ ማስታወሻ ተቀምጦ አገኘሁ። ቆራጡን ወይዘሮ ትርንጎ ይዘውልኝ ወጋሁት፤ ካፖርቴን ቀዶብኛል። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የወጋሁትን እንስሳ በትከሻው ላይ ጠጉሩን በመቀስ ሳልቆርጥ ሌላ እንስሳ ተቀብዬ አላውቅም። «እንደ ላይኛው» የሚለውንም ቃል በመዝገብ ላይ ዳግመኛ አልጻፍሁም። የሥራ ባልደረቦቼ በዝግታዬ ያሾፉብኝ ነበር፤ ልጆቼም ስለ ትናንት ምሳ ሲጠይቁኝ እንኳ «ይመስለኛል» ማለቴ ያናድዳቸዋል። እኔንም አንዳንድ ጊዜ ያናድደኛል። በራስ ላይ እምነት ማጣት ለሰው የሚመኙት ነገር አይደለም።

ይሁንና ዛሬ ውሻና ድመት በየቤታችሁ የምታሳድጉ አንባብያን፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የክትባት ወረቀት ሲሰጣችሁ ወረቀቱን ከማጠፋችሁ በፊት እንስሳውን ተመልከቱ። አስቸጋሪውንም ውሻ አምጡት፤ ሐኪሙ ይነከስ፣ ካፖርቱም ይቀደድ፤ ሥራው ነው። ገሩን ብቻ እያመጣችሁ አታመስግኑን።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። የኔታ ከሞቱ በኋላ ለሥራ ወደ አዲ አርቃይ ወርጄ ነበር። የጭነት መኪናዎች ከሚቆሙበት ቦታ ምግብ ቤት ያለው ሰው ስለ ውሾች ስንጨዋወት፣ በአንድ የጾም ወራት ከጎንደር በኩል በመጣ መኪና የወረደ ቀይ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ውሻ ከጓሮው ብዙ ዓመት እንደ ኖረ፣ በእርጅናም እንደ ሞተ ነገረኝ። ዳኘው ከሆነ በሽታው አልነበረበትም፤ የኔታም ዐሥራ አራቱን መርፌ የወሰዱት፣ ሰሙነ ሕማማቱንም ከጽድ ሥር ያሳለፉት በከንቱ ነው። የተናገርሁትን ግን ያም ቢሆን እናገረው ነበር። ደረቱ ነጭ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ይመስለኛል አለ። የማሰሪያውን ቁጥር አይተህ ነበር ወይ አልሁት።

«ጌታዬ፣ ማን ቀርቦ ያነባል?» አለኝ። «ሰው አያስጠጋም ነበር።»

ቁጥሩን እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም።